ሬኮ ዲክ፦ ፈቃድ ተከልክሎ ዓመታት የተቀመጠው የወርቅና የመዳብ ማዕድን

በፓኪስታን ደቡብ ምዕራብ ጥግ፣ ከኢራንና ከአፍጋኒስታን ድንበር ብዙም ሳይርቅ፣ ቻጋይ የሚባል በረሃማ ወረዳ አለ። ብዙው ዓለም ስሙን የሰማው በ1998 ፓኪስታን የኑክሌር ቦምቧን እዚያ ተራራ ውስጥ ስትሞክር ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እዚያው ወረዳ ውስጥ ሬኮ ዲክ የሚባል ቦታ አለ። ከመሬቱ ሥር ያለው መዳብና ወርቅ፣ ዓለም ላይ ገና ካልተነኩት ክምችቶች ከትልልቆቹ ተርታ ይመደባል።

የፍለጋው ስምምነት ከተፈረመ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። በመሃል ፍለጋውን ያካሄደው ኩባንያ የማምረት ፈቃድ ጠየቀ፤ ተከለከለ። በዚህም ምክንያት ፓኪስታን ወደ 6 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ካሳ ክፈይ ተባለች። ልብ በሉ፣ ማዕድን ማውጫው አልተሠራም። ካሳው የተጠየቀው ላልተሠራ ነገር ነው።

እንዴት እዚህ ተደረሰ? ለመረዳት ከድንጋዩ መጀመር ይሻላል።

ድንጋዩ ለምን ያን ያህል ገንዘብ ይበላል

ወርቅ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ወንዝ ዳር በገበቴ የሚታጠበው ነው። ሬኮ ዲክ እንደዚያ አይደለም። ከሚሊዮን ዓመታት በፊት ቦታው እሳተ ገሞራ ነበር። ከሥር የመጣ ትኩስ ፈሳሽ በዓለቱ ስንጥቅ እየገባ መዳብና ወርቁን አስቀርቶ ሄደ። ስለዚህ ማዕድኑ በአንድ ቦታ የተከማቸ ሳይሆን፣ በግዙፍ ዓለት ውስጥ እንደ አቧራ የተበተነ ነው።

ፕሮጀክቱን የሚመራው የካናዳው ባሪክ ባወጣው ስሌት፣ ተቆፍሮ ያዋጣል የተባለው ዓለት 3 ቢሊዮን ቶን ገደማ ነው። በአማካይ 0.48 በመቶ መዳብ አለው። ከአንድ ኩንታል ድንጋይ ግማሽ ኪሎ መዳብ እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ወርቁማ ይብሳል፤ በአንድ ቶን ድንጋይ ውስጥ 0.26 ግራም ብቻ። ለአንዲት ባለ 4 ግራም የጋብቻ ቀለበት 15 ቶን ድንጋይ መፍጨት ይጠይቃል፤ ያውም ምንም ሳይባክን።

ሲደመር ግን ብዙ ነው። 15 ሚሊዮን ቶን መዳብና 26 ሚሊዮን አውንስ ወርቅ፤ ወርቁ ብቻውን 800 ቶን ያልፋል። እንዲህ ያለ ዓለት የሚያዋጣው በዓመት አሥር ሚሊዮኖች ቶን ከተፈጨ ብቻ ነው። ትንሽ ጀምሮ ቀስ በቀስ ማደግ የሚባል ነገር እዚህ አይሠራም።

ሥራው እንዲህ ነው። ዓለቱ በድማሚት ይፈነዳል፣ በግዙፍ መኪና ይጫናል፣ እንደ ዱቄት ይፈጫል። ዱቄቱ ከውሃና ከኬሚካል ጋር ተደባልቆ ከሥር አየር ይነፋበታል። የመዳቡ ቅንጣት ከአረፋው ጋር ተጣብቆ ይንሳፈፋል፤ ተራው ድንጋይ ይዘቅጣል። አረፋው ተገፎ ሲደርቅ ኮንሰንትሬት ይባላል። ከክብደቱ ሲሶ ያህሉ መዳብ ነው። አብዛኛው ወርቅም አብሮት ይጓዛል። ከዚያ ወደ ማቅለጫ ፋብሪካ ይላካል፤ መዳቡና ወርቁ የሚለያዩት እዚያ ነው።

ይህ ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ወፍጮው፣ የኤሌክትሪክ ማመንጫው፣ የውሃ መስመሩ፣ የሠራተኛው መኖሪያ፣ ወደ ወደብ የሚወስደው መንገድ መገንባት አለባቸው። አንድ ዶላር ሳይገባ ቢሊዮኖች ይወጣሉ። ይህን ገንዘብ ማንም ኩባንያ ከኪሱ ብቻ አይከፍልም፤ ይበደራል። አበዳሪው ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ወረቀት ነው፦ የማምረት ፈቃዱን።

ሁለቱ ፈቃዶች

ማዕድን ላይ ፈቃድ ሲባል አንድ ነገር ይመስለናል። ቢያንስ ሁለት ነው። የመጀመሪያው የምርመራ ፈቃድ ነው። መቦርቦር፣ ናሙና መውሰድ፣ ምን ያህል እንዳለ ማስላት ያስችላል፤ ቆፍሮ መሸጥ አያስችልም። ሁለተኛው የማምረት ፈቃድ ነው። ይህ የሚጠየቀው የአዋጭነት ጥናቱ ካለቀ በኋላ ነው። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማው፣ የውሃው፣ የፈንጂው፣ የመሬት ካሳው ጉዳይ በየቢሮው ይከተላል።

ጣጣው ያለው በሁለቱ መሃል ነው። በምርመራው የተሳካለት ኩባንያ ማምረቱን የማግኘት መብት አለው ወይስ የለውም? ኩባንያው «ከሌለኝ ለምን መቶ ሚሊዮኖችን በረሃ ውስጥ እበትናለሁ?» ይላል። መንግሥት ደግሞ «ካለህ እኔ ምን ልወስን ቀረሁ?» ይላል። ሁለቱም ጥያቄ አግባብ ነው። ጥሩ ሕግ መልሱን ከመጀመሪያው ጉድጓድ በፊት ጽፎ ያስቀምጣል፦ እነዚህን ቅድመ ሁኔታዎች ካሟላህ ታገኛለህ፣ ካላሟላህ አታገኝም፣ መልሱም በዚህ ጊዜ ውስጥ ይሰጣል። ሬኮ ዲክ ላይ ይህ መልስ ጥርት ብሎ አልተጻፈም ነበር።

ከ1993 እስከ 2011

በ1993 የአውስትራሊያው የማዕድን ኩባንያ ቢኤችፒ፣ ቻጋይ ከሚገኝበት ከባሎቺስታን ክፍለ ግዛት የልማት ባለሥልጣን ጋር ተዋዋለ። ለኩባንያው 75 በመቶ፣ ለክፍለ ግዛቱ 25 በመቶ። ሮያሊቲው፣ ማለትም ከሚወጣው ማዕድን ላይ ለመንግሥት የሚከፈለው፣ 2 በመቶ ነበር። ፍለጋውን ቢኤችፒ በራሱ ወጪ ያካሂዳል፤ ግንባታ ከተጀመረ ግን ክፍለ ግዛቱም የድርሻውን ማዋጣት ነበረበት። ድሃ ክፍለ ግዛት የቢሊዮን ዶላር ግንባታ ሩቡን ከየት ያመጣል? ያኔ ይህን አጥብቆ የጠየቀ ያለ አይመስልም። ምንም የተገኘ ነገር አልነበረማ።

ከጊዜ በኋላ ሥራው ቴትያን ኮፐር ወደሚባል በአውስትራሊያ የተመዘገበ ኩባንያ ተዛወረ። በ2006 ባሪክና የቺሊው አንቶፋጋስታ ይህን ኩባንያ ግማሽ ግማሽ ገዙት። ከ220 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለፍለጋ ወጣ። በ2010 የአዋጭነት ጥናቱ ለክፍለ ግዛቱ ቀረበ። በቀን 110 ሺህ ቶን ድንጋይ ይፈጫል፣ በዓመት 200 ሺህ ቶን መዳብና 250 ሺህ አውንስ ወርቅ ይወጣል፣ ግንባታው 3.3 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃል የሚል ነበር። ኮንሰንትሬቱ ከውሃ ጋር ተደባልቆ፣ 700 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ቱቦ ጉዋዳር ወደብ ይደርሳል።

በፌብሩዋሪ 2011 ኩባንያው የማምረት ፈቃድ አመለከተ። ኖቬምበር 15 ቀን 2011 ማመልከቻው ውድቅ ተደረገ።

ለምን? ከተነሱት ቅሬታዎች ሁለቱ ዋና ነበሩ። አንደኛው ማቅለጫው ነው። ክፍለ ግዛቱ «መዳቡ እዚህ ይቅለጥ፤ ጥሬውን ጭናችሁ አትሂዱ» አለ። ሁለተኛው «ራሳችን እንሠራዋለን» የሚለው ነው። በኑክሌር ፕሮግራሙ የታወቁት ሳይንቲስት ሳማር ሙባራክመንድ የሚመሩት የመንግሥት ፕሮጀክት ተወጥኖ ነበር። አገሪቱ ቦምብ መሥራት ከቻለች መዳብ ማውጣት እንዴት ያቅታታል የሚለው ክርክር ሕዝብ ጆሮ ይገባል። የሁለቱ ሥራ ባሕርይ ግን ለየቅል ነው። እንዲህ ባለ ማዕድን ላይ ትልቁ ፈተና ገንዘቡን ማግኘት ነው።

ባሎቺዎቹ ግን ያለ ምክንያት አልተጠራጠሩም። በ1952 ሱይ በሚባለው የባሎቺስታን አካባቢ ትልቅ የተፈጥሮ ጋዝ ተገኘ። ጋዙ በቱቦ ካራቺ ገባ፣ ሌሎች ከተሞች ገባ፣ የፓኪስታንን ፋብሪካዎች አንቀሳቀሰ። የባሎቺስታን ዋና ከተማ ክዌታ ግን እስከ 1980ዎቹ ድረስ ጋዝ አላገኘችም። በስፋት ከአገሪቱ ክፍለ ግዛቶች አንደኛ፣ በኑሮ መጨረሻ አካባቢ የሆነች ምድር ናት። ከሬኮ ዲክ ብዙ ሳይርቅ ያለውን የሳይንዳክ መዳብም የቻይና ኩባንያ ነው የሚያመርተው። ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ የውጭ ኩባንያ መጥቶ «ሩቡ የናንተ ነው» ቢል፣ አሜን ብሎ የሚቀበል የለም።

ስለዚህ ጥርጣሬው ልክ ነበር። ስህተቱ ጊዜው ነው። ስለ ማቅለጫ፣ ስለ ድርሻ፣ ስለ ሮያሊቲ መከራከር የነበረባቸው በ1993 ነው፤ ወይም ውሉ በእጅ እያለ በየጊዜው በሚደረግ ድርድር። አሥራ ስምንት ዓመት ዝም ብሎ ሌላው ገንዘቡን ካፈሰሰ በኋላ በፈቃድ ጠረጴዛ ላይ እምቢ ማለት፣ አቤቱታው እውነት ቢሆንም ፍርድ ቤት አያስረታም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በጃንዋሪ 2013 የፓኪስታን ጠቅላይ ፍርድ ቤት የ1993ቱ ውል ራሱ ከመነሻው ሕገ ወጥ ነው፣ እንዳልነበረ ይቆጠር ሲል ወሰነ። ማለትም ሃያ ዓመት የቆየ ውል፣ መንግሥት ራሱ ሲያድሰውና ሲያስተላልፈው የኖረ ውል፣ አልነበረም ተባለ።

ስድስት ቢሊዮኑ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ግራ የሚገባው ነገር አለ። የካናዳና የቺሊ ኩባንያዎች ፓኪስታንን በምን ሥልጣን ከሰሱ? መልሱ ከላይ በጨረፍታ ያለፍነው ነገር ነው። ቴትያን የተመዘገበው አውስትራሊያ ነው። አውስትራሊያና ፓኪስታን ደግሞ በ1998 የኢንቨስትመንት ጥበቃ ስምምነት ፈርመዋል። በዚያ ስምምነት መሠረት፣ በደል ደረሰብኝ የሚል ባለሀብት ከአገሪቱ ፍርድ ቤት ውጭ፣ ዋሽንግተን በዓለም ባንክ ሥር ወዳለው የኢንቨስትመንት አለመግባባቶች መፍቻ ማዕከል መሄድ ይችላል። እነዚህ የሁለትዮሽ ስምምነቶች ሲፈረሙ ብዙውን ጊዜ ፎቶ ተነስቶ ነው የሚረሱት። (ኢትዮጵያ የማዕከሉን ስምምነት በ1965 ፈርማ ሳታጸድቀው ነው የቆየችው። የሁለትዮሽ ስምምነቶች ግን ብዙ አሏት፤ እነሱም ሌላ የግልግል መንገድ ሊከፍቱ ይችላሉ።)

በ2017 ዳኞቹ ፓኪስታን ጥፋተኛ ናት አሉ። ጁላይ 12 ቀን 2019 ሒሳቡ መጣ። 4.09 ቢሊዮን ዶላር ካሳ፣ 1.75 ቢሊዮን ወለድ፤ በድምሩ 5.84 ቢሊዮን።

ኩባንያዎቹ ያወጡት ሩብ ቢሊዮን ገደማ ከሆነ ይህ ከየት መጣ? ዳኞቹ የጠፋውን ወጪ አይደለም የቆጠሩት። ማዕድኑ ቢሠራ ኖሮ በአሥርት ዓመታት ውስጥ ያስገኝ የነበረውን ትርፍ ገምተው፣ ያ ትርፍ በተከለከለበት ቀን ስንት ያወጣ ነበር ብለው ነው ያሰሉት። የመዳብ ዋጋ ግምት፣ የወጪ ግምት፣ የሥጋት ግምት፤ ግምት በግምት ላይ። በእኔ እይታ ይህ የስሌት መንገድ ለድሃ አገር ጨካኝ ነው። ያልተፈነዳ ዓለትን እንደ ሥራ ላይ ያለ ፋብሪካ መቁጠር ነው። ከሕግ ባለሙያዎችም አጥብቀው የሚተቹት አሉ። ግን አሠራሩ አለ፤ ፈቃድ የሚከለክል ባለሥልጣን ደግሞ አለመኖሩን ተመኝቶ መፈረም አይችልም።

መጠኑን ለመረዳት ይህን እዩ። በዚያው ጁላይ ወር ውስጥ የዓለም የገንዘብ ድርጅት ለፓኪስታን የ6 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጽድቆ ነበር፤ ከሦስት ዓመት በላይ በሚፈጅ ጊዜ ተከፋፍሎ የሚሰጥ። ቅጣቱ ብድሩን ያህላል።

ፓኪስታን ይሰረዝልኝ ብላ አመለከተች። እስከዚያው ማስፈጸሙ እንዲቆም የባንክ ዋስትና እንድታስይዝ ተጠየቀች፤ አላስያዘችም። በዲሴምበር 2020 በብሪታንያ ቨርጂን ደሴቶች ያለ ፍርድ ቤት የፓኪስታን አየር መንገድ ንብረት የሆኑትን የኒውዮርኩን ሩዝቬልት ሆቴልና የፓሪሱን ስክሪብ ሆቴል የሚመለከት እግድ አወጣ። እግዱ በቀጣዩ ዓመት ተነሳ። ግን መልእክቱ ደርሷል፦ በረሃ ውስጥ የተከለከለ ፈቃድ ማንሃታን ድረስ ይከተላል።

እንደገና መደራደር

በማርች 2022 ስምምነት ላይ ተደረሰ። ባሪክ 50 በመቶ ያዘ። ሦስት የፌዴራል የመንግሥት ኩባንያዎች በጋራ 25 በመቶ፣ ባሎቺስታን 25 በመቶ። አንቶፋጋስታ 900 ሚሊዮን ዶላር ተቀብሎ ወጣ። ካሳውም ቀረ።

የባሎቺስታን ድርሻ ቁጥሩ ያው 25 በመቶ ነው፤ ይዘቱ ግን ሌላ ነው። አሁን ክፍለ ግዛቱ ለግንባታው አያዋጣም። ከ25ቱ በመቶ የ15ቱን ወጪ የፌዴራል መንግሥት ይሸፍናል፤ 10ሩ ያለ ክፍያ የተሰጠ ነው። ሮያሊቲውም ከ2 ወደ 5 በመቶ ከፍ ብሏል። ምርት ሳይጀመርም የቅድሚያ ሮያሊቲ ይከፈላል።

ከሁሉ በላይ ግን ቅደም ተከተሉ ተቀየረ። ስምምነቱ የመጨረሻ ፊርማ ሳያገኝ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተላከ። ያው ፍርድ ቤት፣ በ2013 የቀድሞውን ውል የሻረው፣ በዲሴምበር 9 ቀን 2022 አዲሱ ሕጋዊ ነው አለ። ለውጭ ኢንቨስትመንት ጥበቃ የሚሰጥ አዋጅም ወጣ። ከዚያ በኋላ ዲሴምበር 15 ቀን ስምምነቱ ተጠናቀቀ። መጀመሪያ ጥያቄ፣ ከዚያ ፊርማ። ፍጹም ነው ማለት አይደለም። ለክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ገለጻ የተደረገው በዝግ ስብሰባ ነበር፤ የባሎቺ ፓርቲዎች አዋጁ የክፍለ ግዛቱን ሥልጣን ይነካል ብለው ተቃውመዋል።

አንዳንድ ፓኪስታናውያን «እንኳንም ዘገየ፤ የተሻለ ውል አገኘን» ይላሉ። ነገሩ ግማሽ እውነት አለው። መዳብ መሬት ውስጥ አይበሰብስም። እንዲያውም ዋጋው ጨምሯል፤ በ2011 ቶኑ በአማካይ ወደ 9 ሺህ ዶላር ነበር፣ በ2016 መጀመሪያ ከ5 ሺህ በታች ወርዶ፣ በ2024 10 ሺህን ተሻግሯል። የግንባታ ዋጋ ግን አብሮ አድጓል። በ2010 በዓመት 40 ሚሊዮን ቶን ገደማ ለሚፈጭ ፋብሪካ 3.3 ቢሊዮን ነበር የተባለው። በ2025 ባሪክ ባሳወቀው አዲስ ጥናት፣ 45 ሚሊዮን ቶን ለሚፈጨው የመጀመሪያ ምዕራፍ ከ5.6 እስከ 6 ቢሊዮን ዶላር ያስፈልጋል። የማጓጓዣው ዕቅድ ስለተቀየረ ሁለቱን አንድ ለአንድ ማወዳደር አይቻልም። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። በእነዚያ ዓመታት ቻጋይ ውስጥ ተወልዶ ለአቅመ ሥራ የደረሰ ልጅ ደግሞ በየትኛውም ሒሳብ ውስጥ የለም።

አሁንም ያልተዘጋው

በ2025 የነበረው ዕቅድ የመጀመሪያው ምርት በ2028 መጨረሻ እንዲወጣ ነበር። ሁለተኛው ምዕራፍ በ2034 አቅሙን በእጥፍ እንዲያሳድግ ታስቦ ነበር፤ በዓመት 90 ሚሊዮን ቶን። የማዕድኑ ዕድሜ 37 ዓመት ተብሏል። የእስያ ልማት ባንክ በ2025 የ410 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ አጽድቋል። ወረቀቱ ስለተስተካከለ አበዳሪዎች መጥተዋል።

ወረቀት የማይፈታው ነገርም አለ። ባሎቺስታን ውስጥ ታጣቂ ቡድኖች አሉ፤ የውጭ ኩባንያዎችንም እንደ ጠላት ነው የሚያዩት። በማርች 2025 ጃፋር ኤክስፕረስ የተባለውን የመንገደኞች ባቡር አግተው ሰው ገድለዋል። የሬኮ ዲክ ኮንሰንትሬት ወደ ካራቺ አቅራቢያው ካሲም ወደብ የሚጓዘው በባቡር ነው። ውሃም አለ። አካባቢው ዝናብ የማያውቅ ነው። ባሪክ ለመጠጥ የማይሆን ጨዋማ የከርሰ ምድር ውሃ እንደሚጠቀም ይናገራል። ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲሳብ በዙሪያው ያለው ጉድጓድ ምን ይሆናል የሚለውን በየዓመቱ መለካት ይጠይቃል፤ ለኪው ኩባንያው ብቻ ከሆነ ደግሞ ማንም አያምነውም።

የማቅለጫውም ጥያቄ አለ፤ በ2011 ነገሩን ያከረረው ያው ጥያቄ። ማቅለጫ ትልቅ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ትርፉ ቀጭን ነው። ቻይና ከመጠን በላይ ማቅለጫ ስለሠራች፣ ፋብሪካዎቹ በኮንሰንትሬት ሽሚያ ውስጥ ገብተዋል። ለማቅለጥ የሚቀበሉት ክፍያ ከዜሮ በታች የወረደበት ጊዜም ነበር፤ ማለትም ጥሬ ዕቃ ለማግኘት ሲሉ እነሱ ከፋይ ሆኑ። በዚህ ገበያ ቻጋይ ላይ ማቅለጫ መገንባት ለነጋዴ እብደት ነው። ለባሎቺ ፖለቲከኛ ግን ማቅለጫ የሌለው ማዕድን ማለት የሱይ ጋዝ ነው፤ ከኛ ወጥቶ ሌላ ቦታ የሚነድ። በ2022ቱ ስምምነት ይህ ጥያቄ በድርሻና በሮያሊቲ ተካካሰ። የመጀመሪያው ኮንሰንትሬት የጫነ ባቡር ከቻጋይ ሲነሳ እንደገና መነሳቱ አይቀርም።